በምንይችል ስም የጻፍኳቸው ስድስት መልእክቶች

ዘመሮ ከተማ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ክፍል ቁልፍ ያስረከብኩት ባለፈው ነሐሴ ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብረውኝ ከሚማሩት ብዙዎቹን በስምንት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ልጅ አስተማሪ መስዬው ከመቀመጫው ተነሥቶልኛል። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔ ገና ነኝ። ነገር ግን ያ ሥራ ለእኔ አብቅቷል፤ ወደ እሱም አልመለስም። ስለዚህ እንደ ጡረተኛ ሁሉንም ከመጀመሪያው እጽፋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያልገባኝንም አልገባኝም እላለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ዓለም ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት የጽሕፈት ሱቅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። አሠሪዬ ወይዘሮ ሙሉነሽ ቁጡ ነበሩ፤ ጣቴ ከፊደል ወደ ፊደል ሲንቀራፈፍ «ሽምብራ እየለቀምሽ ነው?» ይሉኛል። ደሞዜ ለቤት ኪራይና ለምሳ ብቻ ነበር የምትበቃው። ከእሳቸው የተማርኩት ግን እስካሁን አብሮኝ አለ። «አቤቱታ የሚያጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚነግርሽ ጉዳዩን አይደለም» ይሉ ነበር። «ዝም ብለሽ አስጨርሺው። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ዞር ብሎ አንዲት ነገር ይላል። ጉዳዩ እሷ ናት።» እውነታቸውን ነው። ስለ ድንበር አንድ ሰዓት ሙሉ ካወሩ በኋላ በሩ ላይ ቆመው «ልጄም ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ መንዝ ውስጥ ወዳለችው ወደ ዘመሮ ሄድኩ። እዚያ ጋሽ ደጀኔ የሚባሉ ሰው ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ያለበት ክፍል ከፍተው ነበር። ጋሽ ደጀኔ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ስልኩ በእጅ እየተዞረ ከሚሠራበት ዘመን ጀምሮ። ወደ ክፍሉ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እንደሚጠይቃቸው ልብ አሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ታውቃለህ? ይህን መድኃኒት ማን ያመጣልኛል? በዚህ ምክንያት ኢንተርኔት ላይ «ቤት ለቤት» የሚል የጋራ ገጽ ከፈቱ። ችግሩን የሚጽፍ ይጽፋል፤ የሚችል ሰው «እኔ አለሁ» ይላል። መጻፍ ለማይችለው እኔ እጽፍለታለሁ፤ መልሱ ሲመጣም አነብለታለሁ። ሥራዬ ይህ ነበር።

መልስ የሚሰጡት ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። አዲስ አበባ ታክሲ የሚነዳ የግሼ ልጅ፣ ቀየት ከተማ የምትሠራ ነርስ፣ ዓለም ከተማ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም እናት፣ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበሩበት። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ነበር፦ ነገ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቤት የሚያደርስ። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ለሁለት ወር የሚያውስ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀየት ገበያ አህያ የጠፋባቸው ሰውዬ መጡ።

«ምን ዓይነት አህያ ናት?» አልኳቸው።

«አህያ ናት።»

«ቀለሟስ?»

«የአህያ ነዋ!»

«ምልክት የላትም?»

«እኔን ስታይ ትቆማለች» አሉ። እሱኑ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ተገኘች።

ከወረዳም አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ዘመኑ ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነው። «ይህ የማን አደረጃጀት ነው?» አለ።

«የማንም» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

«ሰብሳቢው ማነው?»

«ሰብሳቢ የለውም።»

«ሰብሳቢ የሌለው ነገር እንዴት ይሰበሰባል?» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእናቱ የአስም መድኃኒት ሊያፈላልግ መጣ። ወንበር ሰጠነው።

ጋሽ ደጀኔ አንዳንድ ልማድ ነበራቸው። መልእክት ለሰው ከማንበባቸው በፊት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ። ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት «ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያጽናና ሰው አጠገቡ ለሌለው ሰው ከባድ ነገር አይነግሩም። ሞትን ግን በስልክም ሆነ በጽሑፍ አስተላልፈው አያውቁም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ነው። እስከዚያው «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ይህን እሳቸው አላመጡትም፤ ሁላችንም የምንኖርበት ነው።

ስለ ድሮ ሥራቸው እምብዛም አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ የነገሩኝ አለ። አንድ ቤተሰብ አገር ለቆ ሄደ፤ ሽቦው ተቆረጠ፤ ምሰሶው እንኳን ለማገዶ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በጉም ቀን፣ በስልክ ሰሌዳው ላይ የዚያ ቤት መጥሪያ፣ ሰው ሲደውል የሚወርደው ምልክት፣ ወደቀ።

«አነሱት?» አልኳቸው።

«ሥራዬ ማንሳት ነው። አነሳሁት።»

«ማን ነበር?»

«ማንም። ብቻ ማንም የሌለበት መስመርና ሰው ኖሮ ዝም ያለበት መስመር ድምፃቸው ይለያያል። ስትሠሪ ይገባሻል።»

በክረምት ጉም ሲወርድ ኔትወርኩ ከክፍላችን ይጠፋና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመቃብሩ መካከል ይገኝ ነበር። ምክንያቱን አላውቅም፤ ቦታው ከፍ ስለሚል ይሆናል። ከተማው ስልኩን ይዞ እዚያ ይወጣል። በእኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ሰውየው አይታይም፤ በስልኩ ብርሃን የበራ ፊቱ ብቻ ይታያል። በጽዶቹ መካከል አሥር አሥራ አምስት ፊት፣ ሁሉም ወደ ታች ያቀረቀረ። ተሻግሬ ወደ እነሱ ስሄድ ሁልጊዜ ከሩቅ አንዱን በስሙ እጣራ ነበር።

አንድ ሌላ አሠራራችንን መጻፍ አለብኝ፤ ጥፋቱ በእሱ በኩል ስለመጣ። የሚስጥር ቁጥራቸውን የሚረሱ ሰዎች ስለበዙ፣ አካውንት የከፈትንላቸውን ሰዎች ሁሉ ቁጥር በአንድ ደብተር እንጽፍ ነበር። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ማንም ክፉ አላሰበበትም።

ወይዘሮ አስካለ ከዘመሮ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ምንይችል። ሰሊጥ ወደሚለማበት ቆላ ለሥራ ሲሄድ አካውንት የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ገጻችን ይጽፋል፤ «ለእማ አንብቡላት» ይላል። እሳቸው ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ አነብላቸዋለሁ፤ የሚሉትንም በገጹ ስም እመልስላቸዋለሁ።

ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው በዘንግ ነበር የሚሄዱት። በኅዳር ወር የዓይን ሐኪሞች ዓለም ከተማ እንደሚመጡ ሰማንና ማደሪያ ፈልገን ጻፍን። ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይነባ ወዲያው መለሱ፦ «አልጋ አለ። ጾም መግባቱን አውቃለሁ፤ አዲስ ድስት ገዝቼ ሽሮ እሠራላቸዋለሁ።» ታክሲ ነጂው የመሳፈሪያ ላከ፤ አንድ ተማሪ እየመራ አደረሰ። እማማ አስካለ ሲመለሱ በአንደኛው ዓይናቸው ያዩ ነበር። «ሽሮዋስ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ጨው በዝቶባታል» አሉ ሳቅ እያሉ፤ «ግን ስታጎርሰኝ ፊቷን አየሁት። ከስድስት ዓመት ወዲህ መጀመሪያ ያየሁት የሰው ፊት እሱ ነው።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

የቀየቷ ነርስ ፋሻውን ስትቀይር አስጠነቀቀች፦ እስከ ጥምቀት ድረስ ማሸት የለም፣ ጭስ የለም፣ ለቅሶ የለም።

በሳምንቱ የምንይችል ጓደኛ ሰይፉ ወደ ገጹ ጻፈ። «ምንይችል ዐረፈ። ወባ ነው። እዚሁ ቀበርነው። ለቤተሰቡ እንደ አገሩ ልማድ ንገሩ።»

ጋሽ ደጀኔ በዚያ ወቅት ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። እኔ ለእማማ አስካለ ወንድም ለአቶ ጌታነህ ነገርኳቸው። በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

«ነርሷ እስከ መቼ ነው ያለችው?» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ጥምቀት።»

«እንግዲያው ከጥምቀት በኋላ እንነግራታለን። አሁን ብታለቅስ ያቺ ዓይን ትጠፋለች። ልጇን አጥታ ዓይኗንም ልታጣ ነው?»

«ግን ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ጻፈ ወይ ይሉኛል።»

«ጽፏል በያ።»

«ምን ብዬ?»

«ለሰው ሁሉ የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ? ለእሱም ጻፊለት» አሉ። ሊወጡ በሩን ከያዙ በኋላ ዞር ብለው «አደራ ትግሥት፤ እህቴ ናት» አሉኝ።

ለጋሽ ደጀኔ ስልክ መደወል እችል ነበር። ያልደወልኩት እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። አቶ ጌታነህን ማስደሰት ፈለግሁ፤ እማማ አስካለንም ማስደሰት ፈለግሁ። እኔ ሰው ሲከፋ ማየት አልችልም። ይህ ጸባይ ሲታይ ደግነት ይመስላል።

ዓርብ ከሰዓት ደብተሩን አውጥቼ፣ በሁለተኛው ኮምፒውተር የምንይችልን አካውንት ከፈትኩ። የድሮ መልእክቶቹን ደጋግሜ አነበብኩ። «እማ» ብሎ ይጀምራል። ስለ ሥራው አያወራም፤ ስለ ምግብ ያወራል። አጫጭር ነው የሚጽፈው። እንደ እሱ አድርጌ ጻፍኩ፦ «እማ ደኅና ነኝ። ዓይንሽ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሙቀት ነው።» ከዚያ ተነሥቼ በመጀመሪያው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። መልእክቱ ደርሶ ነበር። ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። እኔ ራሴ እንደሆንኩ እያወቅሁ ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞሬ አየሁ። ባዶ ነበር፤ መቼስ ሌላ ምን ይሆናል።

ቅዳሜ አነበብኩላቸው። «ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ» አሉ። ከዚያ «ዳማዋ በግ ወለደች በይው» አሉኝ። ጻፍኩ። በሚቀጥለው ዓርብ በእሱ ስም «መንታ ወለደች?» ብዬ መለስኩ። ይህን ሳነብላቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንዴት አወቀ! መንታ ናቸው እኮ!» ቀደም ሲል ነግረውኝ ይሆናል፤ ወይ ገበያ ላይ ሰምቼው ይሆናል። ስለ መንታው መቼ እንደሰማሁ ግን ላስታውስ አልቻልኩም።

በዚህ ዓይነት አምስት ዓርብ አምስት መልእክት ጻፍኩ። ስድስተኛውን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። ዓርብ ማታ የእሱን አካውንት ሳልዘጋ ሄጄ ነበር። እማማ አስካለ አሁን ደኅና አድርገው ያያሉ፤ ጣታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ቀሰሩ።

«ይቺ አረንጓዴ ምንድን ናት?»

ሳላስብ «አለ ማለት ነው» አልኩ።

«አሁን? አሁን አለ?»

ወደ ቁልፎቹ አጎነበስኩ።

«በይ አሁኑኑ ጠይቂልኝ! ለጥምቀት ትመጣለህ ወይ በይው።»

ጻፍኩት። እሳቸው ነጥቧን እያዩ ጠበቁ። ወረቀት የማመጣ መስዬ ተነሥቼ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ሄድኩ። ቆሜ፣ በአንድ እጄ፣ «እመጣለሁ እማ» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ጢን የምትለዋን ድምፁን አሰማ። እማማ አስካለ እልል አሉ።

ለምን «አልችልም» አላልኩም? ይህን ጥያቄ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አልችልም ማለት ይቀል ነበር። ፊታቸውን ግን አይቼዋለሁ።

ከጥምቀት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እማማ አስካለ ነጭ ጋቢ ይዘው አውቶቡስ ከሚቆምበት መንገድ ላይ ቆሙ። በጥር የመንዝ ንፋስ አጥንት ይገባል። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ይጠጋሉ፤ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ያያሉ። አቶ ጌታነህ ሊወስዷቸው ሞከሩ፤ «ቃሉን ሰጥቶኛል» ብለው እምቢ አሉ። ሾፌሮቹ ሁሉ ነገሩን ያውቁ ነበርና አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ በክፍሉ መስኮት በኩል ሁለት ቀን አየኋቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለጠፋ ክፍሉን ዘግቼ ታቦት ልሸኝ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር እንዳላያቸው ነው።

መርዶው የተነገረው ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ነው። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ የአቶ ጌታነህ ባለቤት ናት። ጎህ ሲቀድ ሃያ ሰው ሆነው ገቡ። አንድ ሽማግሌ እንደ ወጉ አስረድተው «ምንይችል ከኅዳር ጀምሮ የለም» አሉ። ሴቶቹ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። እማማ አስካለ ግን ቁጭ ብለው እያዩአቸው «ማን ነው የሞተው?» አሉ። «ልጄ ከኅዳር ወዲህ ጽፎልኛል። ስለ መንታዎቹ ጠይቆኛል። ምን ምቀኝነት ነው?» ለቅሶ የሚጀምር ጠፋ። ሃያው ሰው ጋቢውን ለብሶ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ መጡ። «ሞተ ይሉኛል» አሉ። «የጻፈውን ሁሉ በወረቀት አውጪልኝ፤ ቀኑም ይታይ። ላሳያቸው።»

ለመናገር የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ግን ማተሚያውን ከፈትኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ላይ አወጣሁና ሳላነበው ሰጠኋቸው። የጻፍኩትን ዳግመኛ ማየት አልፈለግሁም። በሥራ ዘመኔ ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው፤ መልእክቶቹን ከመጻፌ እንኳን ይብሳል። ያ ወረቀት ማስረጃ ሆነ። ማንበብ የሚችሉ ልጆች ቀኑን ብቻ እያዩ አረጋገጡላቸው። ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ልጁ በሕይወት አለ አለ።

ሌላው ግማሽ ያለውን ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ገብተው ከኪሳቸው የባለቤታቸውን ጉርድ ፎቶ አወጡ። «ለአስካለ ልጅ እንደጻፍሽለት ለእሷም ጻፊልኝ» አሉ። «ስሟ ወርቄ ነው። ስልክ አልነበራትም፤ ያ ችግር አለው?»

እንደማይሆን ነገርኳቸው። «ገባኝ፤ ተራ አለው ማለት ነው» ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ሁለተኛውን ኮምፒውተር፣ ባዶውን ወንበር ለረጅም ጊዜ አይታ «እዚህ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ በሹክሹክታ። በማግስቱ በሩን ስከፍት አምስት ሰው ቆሞ ነበር። ሁሉም በእጃቸው አንድ ነገር ይዘዋል፤ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የልጅ ጫማ። «ቤት ለቤት» የተከፈተው ሰው ለሰው እንዲደርስ ነው። እነሱም የመጡት ለዚያው ነው። በሩን መልሼ ቆለፍኩት።

ወይዘሮ ዘይነባ ሰምተው ከዓለም ከተማ ደወሉልኝ። «እኛ ዘንድ በዚያው ቀን ይነገራል፤ በዚያው ቀን ይለቀሳል» አሉ። «እናንተ ሰው እንዳይጎዳ ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ያቺ ሴት እኮ አሁንም መንገድ ላይ ናት።» አልቅሼ ዘጋሁት።

ጋሽ ደጀኔ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የሰሙኝ።

«ስንት ነው የጻፍሽው?»

«ስድስት።»

«ሂጂና ንገሪያት።»

«አብረውኝ ይሂዱ፣ በእግዜር።»

«ስትጽፊ ብቻሽን ነበርሽ» አሉ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

እማማ አስካለ ቤት የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ምድጃው ይነድዳል። ወረቀቶቹን በፌስታል አድርገው ከራሳቸው በላይ ሰቅለዋቸዋል። በሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ምንይችል መሞቱን፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ስለ ዓይናቸው ብለን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። አልጮኹም፤ አልሰደቡኝም።

«ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም አይደለም። የድሮዎቹ የእሱ ናቸው።»

ፌስታሉን አውርደው ወረቀቱን ከምላጭ ጋር ሰጡኝ። «እንግዲያው ለዪልኝ። አንብቢ፤ የእሱ የሆነውን የእሱ፣ ያንቺ የሆነውን ያንቺ በይ። እየቆረጥሽ ስጪኝ።»

አነበብኩ። «እማ ደረስኩ። ውሃው ጨው ጨው ይላል።» የእሱ ነው። ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ በመቀነታቸው ቋጠሩት። «እማ ዛሬ ሥጋ በላን።» የእሱ ነው። እንዲህ እያልን ስምንት ዘጠኝ ደረስን። ከዚያ «ዓይንሽ በመዳኑ ደስ ብሎኛል» መጣ። የኔ ነው አልኩ። ከእጄ ወስደው እሳት ውስጥ ከተቱት። መንታዎቹም የኔ ናቸው። እዚያ ላይ እጃቸው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ከተቱት። አንድ፣ ሁለት እያልኩ በሆዴ እቆጥር ነበር። «እመጣለሁ እማ።» የኔ ነው። ስድስት።

ወረቀቱ ላይ ግን አንድ መስመር ቀርቷል።

በምንይችል ስም ነው። ቀኑ የከተራ ዕለት ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። መብራት ያልነበረበት፣ ክፍሉ የተቆለፈበት፣ እኔ ታቦት ስር የነበርኩበት ሰዓት። «እማ መንገድ ላይ አትቁሚ። ብርድ ነው። ግቢ።»

«ይኸስ?» አሉኝ።

ጮክ ብዬ ማንበቤን ያወቅሁት ያኔ ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አሰብኩ። የሟቹ ስልክ ሰይፉ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱ እናትየዋ መንገድ ላይ መቆማቸውን በምን ያውቃል? ጋሽ ደጀኔ ደብተሩን ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ሆነው ወሬው ደርሷቸው ሊሆን ይችላል። ግን በሌላ ሰው ስም አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። የእሱ ነው ብል ይህቺ ሴት እስክትሞት መንገድ ላይ ትቆማለች። አላውቅም ብልም ትቆማለች።

«የኔ ነው» አልኩ።

ቁራጯን ተቀብለው ወደ ዳነችው ዓይናቸው አስጠጓት። ማንበብ አይችሉም። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

«ገብቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በከተራው ቀን የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይመጣ ገባሁ። ሌላውን ቀን እስኪጨልም ነው የቆምኩት። የዚያን ቀን ምን እንዳስገባኝ እንጃ። ብቻ ገባሁ።»

ይህን ብለው ቁራጯን ከሌሎቹ ጋር እሳት ውስጥ ከተቷት። ተነሡ፤ ወገባቸውን በነጠላ አሰሩ፤ ደጃፍ ወጥተው የልጃቸውን ስም ጠሩና ጮኹ። ከማዶ አንድ ሴት መለሰች፤ ከታች ሌላዋ። ሰው ከእርሻው፣ ከአውድማው እየሮጠ መጣ። እኔም ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አለቀስኩ፤ ማንም ውጪ አላለኝም። ዓይናቸው እስካሁን ያያል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ፤ ማታ ማታ እያጠናሁ ፈተናዬን በድጋሚ ወሰድኩ። ጋሽ ደጀኔ የሚስጥር ቁጥሮቹን ደብተር ቀድደው ጣሉት። ገጹ አሁንም አለ፤ አንዲት የዘመሮ ልጅ ይዛዋለች። የምንይችልን አካውንት ዳግመኛ አልከፈትኩም። ጋሽ ደጀኔንም ስለዚያች መስመር አልጠየቅኳቸውም። እኔ ነኝ ቢሉኝ አዝንባቸዋለሁ፤ አይደለሁም ቢሉኝ ደግሞ በዚያ ክፍል አንድ ቀን እንኳን መቀመጥ አልችልም ነበር።

ስድስቱን በመጻፌ እማማ አስካለን ይቅርታ ጠይቄ ይቅር ብለውኛል። ሰባተኛውን የኔ ነው በማለቴ ግን ማንን ይቅርታ እንደምጠይቅ እስካሁን አላውቅም።